አክተር አይሞትም
(ስለ ርካሽ ፊልም፣ ስለ «ሻፍት በአፍሪካ»ና ስለ 1965 ዓ.ም.)

ባለፈው ዕትም አንድ ጓደኛችን ስለ ቪዲዮ ቤት ትውልድ ባቀረበው ሂስ፣ በሰኞ ገበያ ጉራንጉር የካራቴ ፊልም እያየ ያደገ ልጅ ለኪነ ጥበብ ምላሱ የተቃጠለ ነው የሚል ፍርድ ሰጥቶ ነበር። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ በመሆኑ ብዙዎቻችን አጨብጭበንለታል። ካጨበጨብን በኋላ ግን መኝታ ክፍላችን ገብተን ስንጫወት አንድ ነገር ከነከነን። ምላሱ የተቃጠለው እኮ እኛው ነን! ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለጓደኛችን መልስ ነው፤ ከፊሉ ግን ኑዛዜ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ የምንከራከርለትን ቤት እናሳይ። እኛ ልጆች ሳለን ሰኞ ገበያ አካባቢ የምንገባበት ቪዲዮ ቤት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ነበረው። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል። አግዳሚው መደገፊያ ስለሌለው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ጉልበት መደገፊያችን ነበር። በሩ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የፊልሙን ርዕስ አይናገርም፤ የሰውየውን ስም ነው የሚናገረው፦ «ብሩስ ሊ»፣ «ቫንዳም»፣ «ጄት ሊ»። መግቢያው 1 ብር፣ ኋላም 2 ብር ሆነ። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ንግግሩ አይሰማም፤ ቢሰማም በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ስለሆነ የቀረብን ነገር የለም። ታሪኩን የምናውቀው ፊልሙን ሦስት ጊዜ ያየ ልጅ ከፊት ተቀምጦ ሲተርክልን ነው። «አሁን ጓደኛውን ይገድሉበታል፣ ከዚያ ያብድላችኋል ወላሂ!» ይለናል። አስቀድሞ መናገሩ ደስታችንን አንድም ቀን ቀንሶት አያውቅም። ምክንያቱም ዋናው ሕግ ለሁላችንም የታወቀ ነበር፦ አክተር አይሞትም።

ጓደኛችን «ቆሻሻ» ያለው ይህንን ነው። እኛም ወርቅ ነው ብለን አንሟገትም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ይህን ያህል ጉድለት ያለበት ፊልም ለምን አይረሳንም? የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አጥንተን፣ ስለ ይዘትና ቅርፅ ተምረን፣ ስንት የተከበረ ፊልም አይተን ካበቃን በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ ሲደርስ ለምን ወደዚያው እንመለሳለን?

የዚህ ዓይነቱ ፊልም ስም በፈረንጆቹ «ኤክስፕሎይቴሽን» ነው። በኛ ቋንቋ ብዝበዛ ማለት ነው፤ ስሙን አልደበቀም። ዘዴው እንዲህ ነው። ሰዉ በዚያ ሰሞን የሚያወራለትን፣ የሚፈራውን ወይም በይፋ ማየት የሚያፍረውን ነገር ይይዛል፦ ወንጀል፣ ካራቴ፣ የዘር ጠብ፣ ራቁት ገላ፣ ጭራቅ። በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ቀን ይሠራል። ከዚያም ወሬው ሳይበርድ ይሸጣል። «አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ» የተባለው ኩባንያ አንዳንዴ መጀመሪያ ርዕሱንና ፖስተሩን ያዘጋጅ ነበር፤ ገዢ መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ነው ፊልሙን ወደ መሥራት የሚሄደው። ከዚሁ ኩባንያ ጋር ብዙ የሠራው ሮጀር ኮርማን በፈረንጆች 1960 «ዘ ሊትል ሾፕ ኦቭ ሆረርስ» የተባለውን ፊልም ዋና ዋና ትዕይንቶች የቀረጸው በ2 ቀንና በአንድ ሌሊት ነው፤ የተጠቀመበትም ለሌላ ሥራ የተሠራ ቤት ነበር። በዚህ ፊልም ውስጥ ያኔ ማንም የማያውቀው ጃክ ኒኮልሰን ትንሽ ቦታ አለው። ፍራንሲስ ኮፖላና ማርቲን ስኮርሴዚም በመጀመሪያ ዘመናቸው የዚሁ ሰውዬ ሠራተኞች ነበሩ። በ2024 በ98 ዓመቱ ያረፈው ይኸው ኮርማን የኢንግማር በርግማንን «ክራይስ ኤንድ ዊስፐርስ» አሜሪካ ውስጥ ያከፋፈለም ነው። እንግዲህ ጓደኛችን በአጥር የለያቸው የቆሻሻውና የንጹሑ ሰፈሮች በአንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

የጥቁር አሜሪካውያኑ ታሪክ ደግሞ ወደ ጉዳያችን ይበልጥ ያቀርበናል። በ1971 ሜልቪን ቫን ፒብልስ የሆሊውድን ደጅ መጥናት ትቶ፣ ካለውና ከተበደረው 150 ሺህ ዶላር ገደማ አሰባስቦ፣ ፖሊስን መትቶ የሚያመልጥ ጥቁር ሰው ፊልም ሠራ። መጀመሪያ ያሳዩለት ሁለት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ነበሩ። ፊልሙ ግን ካወጣው ገንዘብ ብዙ እጥፍ አስገባ። በዚያው ዓመት ጎርደን ፓርክስ የሠራው «ሻፍት» ተከተለ፤ ሪቻርድ ራውንድትሪ የቆዳ ኮቱን ለብሶ በኒው ዮርክ ጎዳና ማንንም ሳይፈራ ሲራመድ ታየ። ወዲያው የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ተቆጡ። በ1972 የኤንኤኤሲፒ የሆሊውድ አካባቢ ቅርንጫፍ ኃላፊ የነበረው ጁኒየስ ግሪፊን «ብላክስፕሎይቴሽን» የሚለውን ስም አወጣለት፤ ወንጀለኛና አቃጣሪ ብቻ እያሳያችሁ ሕዝባችንን ትበዘብዛላችሁ ሲል። ትክክል ነበር። ሲኒማ ቤቱን የሞላው ወጣትም በበኩሉ ትክክል ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በፊልም ውስጥ አሽከር ሆኖ ያየው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ረግጦ ገባለታ!

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን መልሳችንን እንስጥ። ርካሽ ፊልም የተከበረው ፊልም አፍሮ ወይም ፈርቶ ያለፈውን ነገር ቀድሞ ይነካል። የሚነካው ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚሸጥ ነው። ገበያውን ያወቀ ነጋዴ ደግሞ ሕዝቡ ምን እንደሚያመው ከሰባኪ ቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛው መልስ ስፌቱ ነው። በርካሽ ፊልም ውስጥ ስፌቱ ይታያል። ቡጢው ሳያርፍ ድምፁ ይሰማል፤ የሞተው ሰው ዓይኑን ያርገበግባል። ተመልካቹም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የጎደለውን ራሱ ይሞላል፣ ይስቃል፣ ይተርካል፣ ከአክተሩ ጋር ይማከራል። በካምፓላ ዋካሊጋ በተባለ ሰፈር ናብዋና የተባለ ሰው በ2010 ያወጣው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተባለ ፊልም 200 ዶላር እንኳ አልፈጀም ይባላል። በላዩ ላይ አንድ ተራኪ እየቀለደ፣ እያደነቀ፣ ተመልካቹን እየቀሰቀሰ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይለፈልፋል። ይህን ስናይ የሰኞ ገበያው ልጅ ትዝ አለን። እዚያ የፊልሙ አካል የሆነው ተራኪ እኛ ዘንድ 1 ብር ከፍሎ የገባ ጎረምሳ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ለርካሹ ፊልም ተሟገትን። አሁን ወደ ኑዛዜው እንለፍ።

ብሩስ ሊ የሞተው በሐምሌ 1965 ዓ.ም. ነው። ሲሞት ያላለቀ ፊልም ነበረው። ባለቤቶቹ ግን ዝም ብለው አልቀበሩትም። በፈረንጆች 1978 «ጌም ኦቭ ዴዝ» ብለው ሲያወጡት፣ ሌሎች ሰዎችን መነጽር እያደረጉለት በሱ ቦታ አቆሙ፤ በአንድ ትዕይንት የፊቱን ፎቶግራፍ ቆርጠው መስተዋት ላይ ለጥፈውታል። ይህ ያስቃል። የማያስቀው ግን ይኸውና፦ በፊልሙ ውስጥ አክተሩ ሞቶ የተቀበረ መስሎ እንዲታይ፣ የራሱ የብሩስ ሊ እውነተኛ ቀብር ቀረጻ ገብቷል። ሬሳው፣ የሚያለቅሰው ሕዝብ፣ ሁሉም እውነት ነው። እኛ ያንን ስናይ አግዳሚው ላይ ቆመን ጮኸናል። «ውሸቱን ነው! አልሞተም! አክተር አይሞትም!» እያልን። ሰው ሞቶ ሳለ አልሞተም ብለን የጮኽነው ከፍለን ነው። ብዝበዛ የሚለው ቃል ያኔ አልገባንም ነበር።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብን ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ስድስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ያየነው «ሻፍት በአፍሪካ» ነው። የ«ሻፍት» ሦስተኛ ክፍል ሲሆን፣ ጆን ጊለርሚን አዘጋጅቶት በሰኔ 1965 ዓ.ም. ለዕይታ በቃ። የተቀረጸው በከፊል እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። እርግጥ ነው፣ ከወንድሞቹ ጋር ሲነጻጸር ገንዘብ ያልጎደለው ፊልም ነው፤ ከድሃ ቤተሰብ መካከል ሀብታም የሆነው ልጅ ልንለው እንችላለን። የቤተሰቡ ጠባይ ግን አልለቀቀውም።

የተሰበሰብነው ለመሳቅ ነበር፤ ሳቅንም። በሀገራችን መሬት ላይ «ማንታ» የሚባል የትም የሌለ ነገድ ተፈጥሯል። የኒው ዮርኩ መርማሪ በጥቂት ቀን ሥልጠና የሀገሬው ሰው መስሎ ይወጣል፤ በትሩ ውስጥ ካሜራ ተደብቋል። የአሚሩ ልጅ «አለሜ» ትባላለች፤ ፊልሙ የሴት ልጅ ግርዛትን የመሰለ ከባድ ነገር በሷ በኩል አንሥቶ የአልጋ ጨዋታ መግቢያ አደረገው። እዚህ ላይ የተቆጡ ሴት ጓደኞቻችን ነበሩ፤ ቁጣቸው ልክ ነው። ሴት ልጅ በዚህ ፊልም ውስጥ ፖስተሩ ላይ የተሰቀለች ሥጋ ናት። ይህን የሚያስተባብል ቃል የለንም።

ነገር ግን ታሪኩ ስለምንድነው? ወጣቶችን ሥራ አለ እያሉ ከአፍሪካ መንደር ለቅመው፣ በድብቅ አሻግረው፣ ፓሪስ ውስጥ በርካሽ ጉልበት ስለሚሸጡ ደላሎች ነው! የሻፍት ተልእኮ ከተጓዦቹ አንዱ መስሎ በዚያ መንገድ መሄድና የደላሎቹን አለቃ ማግኘት ነው። ልጆቹ ተሰልፈው ሲጓዙ ክፍላችን ውስጥ ሳቁ ቆመ። ከመካከላችን አንዱ የሰኞ ገበያ ልጅ ነው። ቀስ ብሎ፣ «ታላቄም እንዲህ ነው የሄደው» አለ።

ለአንባቢያችን መንገዱን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከዚያ ጅቡቲና ኦቦክ፣ ባሕሩ፣ የመን፣ ሳዑዲ። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው ተመልሰዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች እንደገደሉ ገልጿል። ከነዚህ መካከል የኛ ሰፈር ልጅ አለበት የለበትም ብሎ የሚጠይቅ እናት በየቀበሌው አለ። ይህን የሰው ንግድ፣ ደላላውንና ተስፋውን ጭምር፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ምድር ላይ ቆሞ የተረከው የተከበረ ፊልም ሳይሆን ይህ ባለ ራቁት ገላና ባለ ቡጢ ፊልም ነው። ለገንዘብ ሲል እውነት ረገጠ።

ይሁን እንጂ ዓመቱን እንደገና እንመልከተው፤ 1965 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ለወሎ ሰው የፊልም ዓመት አይደለም፤ የረሃብ ዓመት ነው። ገበሬው ከቀዬው ተነቅሎ ወደ አስፋልቱና ወደ ከተማው ወረደ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ መንግሥት ደበቀው። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ግቢያቸው ውስጥ ለተማሪው አሳዩ። የሆሊውድ ካሜራ የሀገራችንን ተራራና ሸለቆ ለዓለም ሲያሳይ፣ የወሎን ሰው ያሳየው በመምህር እጅ የተያዘ ተራ ካሜራ ነበር። «ሻፍት በአፍሪካ» ስለሚሸጥ አፍሪካዊ ተረከ፤ ስለሚራብ አፍሪካዊ ግን አንድ ጥይት ያህል ድምፅ አላሰማም። የማይሸጥ ነበራ!

አንድ ሰው «ታዲያ እውነተኛውን ፊልም አምጡልን፤ ርካሹን እንተወው» ሊለን ይችላል። መልሱ እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም በሀገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓለም ደነገጠ፤ እርዳታም መጣ። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም ወስዶ በመሀሉ የንጉሡን ድግስና ምቾት እያስገባ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። የሚራበው ሰው እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። መቀሱ ግን የሌላ ሰው ዓላማ አገለገለ፤ የወሎ ገበሬ ሬሳ ለሥልጣን መወጣጫ ሆነ። ይህን ከብሩስ ሊ ቀብር የሚለየው ምንድነው? ብለን ብዙ ተከራከርን። ግማሾቻችን «ፍትሕ ያመጣ ነው፤ አይነጻጸርም» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ሬሳው አልተጠየቀም» አልን። ክርክሩ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዘለቀ፤ አልተቋጨም። አንድ ነገር ላይ ግን ተስማማን፦ ብዝበዛ የርካሽ ፊልም ብቻ ጠባይ አይደለም። ርካሹ ፊልም ስሙን በግንባሩ ላይ ጽፎ ይመጣል፤ ሌላው ከረባት አሥሮ ይመጣል።

የገንዘብ ማነስም ሰበብ እንደማይሆን ኃይሌ ገሪማ አሳይቶናል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በዚያ የለውጥ ሰሞን በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ ነው የቀረጸው። ገበሬውን ግን የመልክዓ ምድሩ ጌጥ አላደረገውም፤ ፊት ለፊት አቁሞ አናገረው። በአንጻሩ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በቪዲዮ ካሜራ ተሠርተው ሲኒማ ቤት ከገቡት የአማርኛ ፊልሞቻችን ብዙዎቹ የሚያሳዩን የአዲስ አበባ ቪላና የቤት መኪና ነው። ከነዚህ ፊልሞች መካከል ቀደምት የሆነው የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» እንኳ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራው የነበረውን የኤች አይ ቪን ጉዳይ ደፍሮ ያነሣ ነበር። ኋላ ላይ ግን ድፍረቱ ቀርቶ ሶፋው ብቻ ተረፈ። ንጹሕ ናቸው፤ ጓደኛችን ከቪዲዮ ቤቱ ይልቅ እነሱን ይመርጥ ይሆናል። ባቲ መንገድ ላይ የሚጓዘው ልጅ ግን በዚያ ሶፋ ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠም።

ስለዚህ የኛ መመዘኛ ከጓደኛችን ይለያል። ፊልሙ ስንት ፈጀ? ጨዋ ነው ባለጌ? የሚሉትን ጥያቄዎች ሁለተኛ ተርታ ላይ እናስቀምጣቸው። መጀመሪያ የምንጠይቀው፣ ከአክተሩ ጀርባ የሚያልፈው ሰው ማነው? የሚለውን ነው። «ሻፍት በአፍሪካ»ን ለሁለተኛ ጊዜ ያየነው ሻፍትን ትተን የኋላውን ሰው ብቻ እየተከተልን ነበር። ነጠላ የለበሱ፣ ከብት የሚነዱ፣ ካሜራውን ሰርቀው የሚያዩ፣ ስማቸው የማይነገር ሰዎች። የኛ ሰዎች ናቸው። አክተር አይሞትም የሚለው ሕግ እነሱን አይመለከትም። ያ ሕግ ልጅ ሳለን ያጽናናን የነበረው ሁላችንም ራሳችንን አክተር አድርገን ስለምናይ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን አብዛኞቻችን ከኋላ የምናልፍ ሰዎች መሆናችን ይገባናል።

ለመደምደም ወደ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም እንመለስ። ሳዑዲ እስር ቤት ከርሞ በአውሮፕላን ተመልሷል፤ አሁን ሰኞ ገበያ ውስጥ ነው። ስለ መንገዱ አይናገርም። ማታ ማታ ግን በስልኩ የድሮ የቫንዳም ፊልም ያያል። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ «ያን ሁሉ አይተህ አሁንም ይህን ታያለህ?» ብለን ጠየቅነው። ጥያቄው ትምክሕት እንዳለበት የታወቀን ከአፋችን ከወጣ በኋላ ነው። ስልኩን ሳያስቀምጥ፣ «በፊልም ሰው ቶሎ ነው የሚሞት» አለን።

ከዚህ የተሻለ የፊልም ሂስ እኛ አልጻፍንም። ርካሽ ፊልም ስቃይን ያሳጥራል፤ ውሸቱ ይህ ነው፤ የሚወደድበትም ምክንያት ይህ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ምላሱ ተቃጥሏል ማለት የሚከብድ ይመስለናል። ጓደኛችን የተለየ አሳብ ካለው ገጹ ክፍት ነው፤ ቅዳሜ ማታም ክፍላችን ይምጣ፣ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ከአልጋው ጫፍ ላይ አለ።